የፊዚክስ ትምህርትና የቤታችን ዕቃ

ፊዚክስ ማለት የተፈጥሮን ጠባይ መርምሮ ማወቅ ነው። ድንጋይ ከእጅ ሲለቀቅ ስለ ምን ወደ ምድር እንደሚወርድ፤ ውሃ በእሳት ላይ ሲጣድ ስለ ምን እንደሚፈላ፤ ብርሃን ወደ ውሃ ሲገባ ስለ ምን መንገዱን እንደሚለውጥ፤ ደወል ሲመታ ድምፁ በምን ተጉዞ ወደ ጆሮአችን እንደሚደርስ የሚያስተምር ዕውቀት ነው። የሚመረምራቸውም ነገሮች ከእኛ የራቁ አይደሉም፤ በየማጀታችን፣ በየጓሮአችንና በየመንገዱ ዘወትር የምናያቸው ናቸው። ነገር ግን እጅግ የሚያሳዝነው፣ ይህ ከትምህርት ሁሉ ይልቅ ለዓይንና ለእጅ ቅርብ የሆነው ትምህርት በብዙ ትምህርት ቤቶቻችን በጥቁር ሰሌዳና በደብተር ላይ ብቻ ተወስኖ መቅረቱ ነው። ተማሪው የኦምን ሕግ በቃሉ ይወጣዋል፤ ሆኖም ሽቦና ባትሪ ድንጋይ አገናኝቶ አንዲት አምፖል አብርቶ አያውቅም። ስለ ማግኔት ሁለት ጫፎች ተጠይቆ ይመልሳል፤ ማግኔት ግን በእጁ ጨብጦ አያውቅም።

ይህ ነገር የመምህራንና የትምህርት ሹማምንት ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ሊታሰብ አይገባውም። ልጅ ያለው ቤተ ሰብ ሁሉ ድርሻ አለው። እኛም በዚህ ጽሑፍ የምንነጋገረው፣ ቤተ ሙከራ በሌለው ወይም ቤተ ሙከራው ባዶ በሆነ ትምህርት ቤት የሚማር ልጅ ፊዚክስን በእጁ እየዳሰሰ እንዲማር ምን ሊደረግለት ይቻላል በሚለው ነገር ላይ ነው። ምሳሌያችንንም ከምዕራብ ሐረርጌ፣ ከመሰላና በዙሪያዋ ካሉት ከተሞች እንወስዳለን።

መሰላና አገሯ

መሰላ በጨርጨር ደጋማ አገር የምትገኝ ወረዳ ናት። ሕዝቧ ማሽላና በቆሎ እያረሰ፣ ቡናና ጫት እየተከለ ይኖራል። የዞኑ ዋና ከተማ ጭሮ፣ ቀድሞ አሰበ ተፈሪ ትባል የነበረችው ናት፤ ሂርና፣ በዴሳና ገለምሶም የዚሁ ዞን ከተሞች ናቸው። ወደ ቆላው ሲወረድ የባቡር ሐዲድ የሚያልፍባት ሚኤሶና፣ አንባብያን በገዳሙ የሚያውቁት አሰቦት ይገኛሉ።

አሰበ ተፈሪን ከተማ አድርገው የቀየሱት፣ የጨርጨር ገዥ የነበሩት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም መሆናቸው የታወቀ ነው። እኒህ ሰው በ1923 ዓ.ም. የወጣውን የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥት በማርቀቅና «ፋቡላ» በተባለው ቴአትራቸው ይታወሳሉ፤ ነገር ግን በወጣትነታቸው በሩሲያ አገር የተማሩት የመድፈኛነትን ሙያ ነበር። የመድፍ ሙያ ደግሞ ከፊዚክስ የማይለይ ነው፤ አረሩ በምን ያህል ፍጥነት ወጥቶ፣ በምን ያህል ከፍታ ተቀልብሶ፣ የት ላይ እንደሚወድቅ በሒሳብ የሚያስቀድም ነውና። እንግዲህ የአገሩን ዋና ከተማ የቀየሰው እጅ በመሣሪያ መለካትን የተማረ እጅ ነበር ማለት ነው። የዛሬው የጨርጨር ልጅ ግን ሜትርና ሚዛን፣ ቴርሞሜትርና ማግኔት በእጁ ሳይዝ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሊጨርስ ይችላል።

ሌላም የሚከብድ ነገር አለ። በኦሮሚያ ክልል ልጆች እስከ ስምንተኛ ክፍል የሚማሩት በኦሮምኛ ቋንቋ ነው፤ ዘጠነኛ ክፍል ሲገቡ ግን ፊዚክስ በእንግሊዝኛ ይሰጣቸዋል። ልጁ በቤቱና በታችኛው ክፍል «ሁምና» ብሎ ያወቀውን፣ በአማርኛ «ኃይል» የሚባለውን ነገር፣ አሁን «ፎርስ» ብሎ ሊቀበለው ነው። ቃሉ አዲስ፣ ሐሳቡም አዲስ ሲሆንበት ሁለት ሸክም በአንድ ጊዜ ይወድቅበታል። ጎማ የተጎተተበትን፣ ጎማውም መልሶ እጁን የጎተተበትን ልጅ ግን ቃሉ በየትኛውም ቋንቋ ቢመጣ አያስደነግጠውም፤ ነገሩን አስቀድሞ በክንዱ አውቆታልና።

የፈተናው ውጤት የሚነግረን

በ2014 ዓ.ም. ትምህርት ዘመን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከተፈተኑት ተማሪዎች መካከል 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ፤ ቁጥራቸውም 29,909 ነበር። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 ከመቶ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ውጤቱ ጥቂት ከፍ ቢልም ቁስሉ ገና አልዳነም። የዚህ ሁሉ ምክንያት የቤተ ሙከራ ዕቃ ማጣት ብቻ ነው ብንል ከእውነት እንርቃለን፤ የመምህራን ኑሮ፣ የመጻሕፍት እጥረት፣ የቋንቋው ችግርና የአገር ሰላም ማጣት ሁሉ ድርሻ አላቸው። ሆኖም በቃል ብቻ የተሸመደደ ትምህርት ጥያቄው መልኩን ሲለውጥ እንደሚከዳ ማንም አይስተውም። ፎርሙላውን የሸመደደ ልጅ ፊደሎቹ ሲቀያየሩበት ይደናገራል፤ ክሩን አንጠልጥሎ ያወዛወዘ ልጅ ግን ክሩ ሲያጥር ምልልሱ እንደሚፈጥን በዓይኑ ስላየ ወረቀቱን ሳይፈራ ይመልሳል።

ሌሎች ከዚህ በፊት እንዴት እንደተወጡት

ዕቃ ማጣት በእኛ ብቻ የደረሰ አይደለም። ስሙ በየፊዚክስ መጽሐፉ የሚጠራው ጀርመናዊው ጌኦርግ ኦም የቁልፍ ሠሪ ልጅና የትምህርት ቤት መምህር ነበር። ከአባቱ በተማረው የእጅ ሥራ መሣሪያዎቹን ራሱ እየሠራ፣ ሽቦዎቹንም እየለካ ሲመራመር ቆይቶ፣ ዛሬ በስሙ የሚጠራውን ሕግ በ1827 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ አወጣው። ሕጉ የተገኘው ከትልቅ ፋብሪካ በተገዛ ዕቃ እንዳልነበረ ተማሪዎቻችን ቢያውቁ ይበረታታሉ።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላም በአውሮፓና በእስያ ብዙ ትምህርት ቤቶች ፈርሰው፣ ቤተ ሙከራዎቻቸውም ተቃጥለው በነበረ ጊዜ፣ ስቲቨንሰን የተባለ የለንደን መምህር ጦርነት ባጠፋቸው አገሮች ላሉ የሳይንስ መምህራን የሚሆን ትንሽ መጽሐፍ አዘጋጀ፤ ዩኔስኮም በ1948 እ.ኤ.አ. አሳተመው። መጽሐፉ ከጣሳ፣ ከጠርሙስ፣ ከሽቦና ከእንጨት የሙከራ ዕቃ እንዴት እንደሚሠራ የሚያሳይ ነበር። ከዚህም ተስፋፍቶ በ1956 እ.ኤ.አ. የዩኔስኮ የሳይንስ ማስተማሪያ ምንጭ መጽሐፍ ወጣ፤ በብዙ ቋንቋዎችም ተተርጉሞ በዓለም ተሠራጨ። አስቀድሞ ለፈረሱ ትምህርት ቤቶች የታሰበው ዘዴ፣ ገና ላልተሟሉትም ትምህርት ቤቶች መድኃኒት ሆነ።

በህንድ አገር ደግሞ በማድያ ፕራዴሽ፣ በሆሻንጋባድ አውራጃ፣ በ1972 እ.ኤ.አ. በ16 የገጠር ትምህርት ቤቶች አዲስ ሥራ ተጀመረ። ልጆች በአነስተኛ ቡድን ተቀምጠው፣ ዋጋው ርካሽ በሆነ ዕቃ ሙከራውን ራሳቸው እየሠሩ፣ ያዩትን ራሳቸው እየጻፉ እንዲማሩ ተደረገ። አርቪንድ ጉፕታ የተባለው መሐንዲስ ከክብሪት እንጨትና ከብስክሌት የንፋስ መግቢያ ጎማ የማስተማሪያ ቅርፅ መሥራትን ያሰበው በዚያ ነው። ሥራው ወደ ብዙ መቶ ትምህርት ቤቶች ከተስፋፋ በኋላ በ2002 እ.ኤ.አ. በክልሉ መንግሥት ውሳኔ ተዘጋ። ከዚህም ሁለት ነገር እንማራለን፤ አንደኛው፣ የገጠር ልጅ በርካሽ ዕቃ እውነተኛ ሳይንስ ሊማር እንደሚችል ነው፤ ሁለተኛው፣ መልካም ሥራም ቢሆን የሚጠብቀው ሕዝብ ካላገኘ እንደሚፈርስ ነው።

በአገራችን የተሞከረው

በአገራችንም ሙከራው አልጠፋም። በደርግ ዘመን በየአውራጃው የትምህርት ማበልጸጊያ ማዕከላት ተቋቁመው ነበር፤ መምህራን ከእንጨት፣ ከቆርቆሮ፣ ከካርቶንና ከሸክላ የማስተማሪያ ዕቃ እየሠሩ ለየትምህርት ቤቱ ያከፋፍሉ ነበር። በየትምህርት ቤቱም አነስተኛ ማዕከል ነበረ። ይህ አሳብ ዕቃው ከአገሩ፣ ሠሪውም ከመምህራኑ መካከል እንዲሆን ያደረገ በመሆኑ ሊመሰገን ይገባዋል።

በ1990ዎቹ ዓመታት ማገባደጃ ደግሞ የፕላዝማ ቴሌቪዥን ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ገባ። በሳተላይት የሚተላለፈው ትምህርት ተማሪው በዓይኑ አይቶት የማያውቀውን ሙከራ በሥዕል አሳየው። ነገር ግን በሥዕሉ ውስጥ ያለው መምህር ተማሪውን አይጠብቅም፤ ጥያቄም አይቀበልም፤ መብራት ሲጠፋ ትምህርቱም ይጠፋል። ከሁሉም በላይ፣ ሌላ ሰው ሲሠራ ማየት ራስ ሠርቶ ተሳስቶ ማረምን አይተካም።

ከዚያ ወዲህ ስቴምፓወር የተባለ ድርጅት ከዩኒቨርሲቲዎች ጋር እየተባበረ የሳይንስና የቴክኖሎጂ ማዕከላትን በልዩ ልዩ ከተሞች ከፍቷል። በእነዚህ ማዕከላት ተማሪዎች ኤሌክትሮኒክስና ፊዚክስ በእጃቸው እየሠሩ ይማራሉ። ለመሰላ ልጆች ቅርብ የሆነው ዩኒቨርሲቲ በጭሮ የሚገኘው ኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ ነው። በቅርብ ያለ ዩኒቨርሲቲ በሩን ለአካባቢው መምህራንና ተማሪዎች ሲከፍት የሚገኘው ጥቅም ከፍ ያለ ነውና፣ የወላጆችና የመምህራን ኅብረት እንዲህ ያለውን በር ደጋግሞ ሊያንኳኳ ይገባዋል።

የዕቃ እጦት የማስተማር ፈቃድን እንደማያሸንፍ ለማስረዳት የፕሮፌሰር ሙሉጌታ በቀለን ታሪክ ማንሣት ይበቃል። እኒህ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ መምህር በደርግ ጊዜ ለሰባት ዓመታት ያህል ታስረው ነበር፤ በእስር ቤትም ሳሉ ለእስረኞች ጓደኞቻቸው ፊዚክስ ያስተምሩ ነበር። በ2012 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የፊዚክስ ማኅበር በአንድሬ ሳኻሮቭ ስም የሚሰጠውን ሽልማት ተቀብለዋል። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም የሚለው ተረት በእርሳቸው ተፈጽሟል።

በቤት የሚገኙ መሣሪያዎች

እንግዲህ ወደ ሥራው እንምጣ። ከዚህ በታች የምንዘረዝራቸው ነገሮች በመሰላም ሆነ በማንኛውም የገጠር ከተማ የሚገኙ ናቸው።

የመጀመሪያው ሚዛን ነው። አንድ ቀጥ ያለ ዘንግ መካከሉን በክር አንጠልጥሎ፣ በሁለቱ ጫፎች ሁለት የለስላሳ ቆርኪ ማንጠልጠል ነው። መመዘኛው ከየት ይምጣ ቢባል፣ ከፋርማሲ በተገዛ አዲስ ሲሪንጅ ውሃ መለካት ነው፤ አንድ ሚሊ ሊትር ንጹሕ ውሃ አንድ ግራም ይመዝናልና። በዚህ ሚዛን ልጆች የቡና ፍሬ፣ የማሽላ ዘለላና የሳንቲም ክብደት ሊያወዳድሩ ይችላሉ። ክሩን ከመካከል ወደ አንድ ወገን ቢያንቀሳቅሱት ደግሞ የማንሻን ሕግ ያገኛሉ፤ ዘንጉ ራሱ ቀላል ከሆነ፣ በ10 ሳንቲ ሜትር ርቀት ያለ 20 ግራም፣ በ20 ሳንቲ ሜትር ርቀት ካለ 10 ግራም ጋር ይተካከላል። የገበያ ሚዛን እንዴት እንደሚያታልልም ከዚሁ ይማራሉ።

ሁለተኛው ፔንዱለም ነው። አንድ ሜትር በሚሆን ክር ላይ ትንሽ ድንጋይ አስሮ ከበር መቃን ማንጠልጠልና በጥቂቱ ገፋ አድርጎ መልቀቅ ነው። ሃያ ጊዜ ሄዶ ሲመለስ 40 ሰኮንድ ያህል ይፈጃል። ድንጋዩን በሌላ ከባድ ድንጋይ ቢለውጡት ጊዜው አይለወጥም፤ ክሩን ወደ 25 ሳንቲ ሜትር ቢያሳጥሩት ግን ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። ከፍ ያለ ክፍል ተማሪ ከዚህ የምድርን ስበት ሊያሰላ ይችላል፤ 39.48ን በክሩ ርዝመት በሜትር አባዝቶ፣ የአንዱን ምልልስ ጊዜ በራሱ አባዝቶ ለዚያ ሲያካፍለው 9.8 ገደማ ያገኛል። በመጽሐፉ ላይ ታትሞ የሚያየውን ቁጥር በክርና በድንጋይ ራሱ ሲያገኘው የሚሰማውን ደስታ ያየ መምህር ዳግመኛ ያለ ሙከራ ሊያስተምር አይወድም።

ሦስተኛው የሲሪንጅ ትምህርት ነው። የአዲሱን ሲሪንጅ አፍ በጣት ደፍኖ መግፊያውን ቢገፉት፣ አየሩ እየጠበበ ሲሄድ ግፊቱ እየበረታ እንደሚሄድ ጣት ራሱ ይመሰክራል። ትንሽና ትልቅ ሲሪንጅ በቀጭን ቱቦ አገናኝቶ ውሃ ቢሞሉበት ደግሞ የመኪና ማንሻ ክሪክና የፍሬን ሥራ ይገለጣል፤ የትልቁ የውስጥ ስፋት ከዳር እስከ ዳር የትንሹን እጥፍ ቢሆን፣ በትንሹ ላይ ያረፈው ኃይል በትልቁ ላይ አራት እጥፍ ይሆናል። ያገለገለ ሲሪንጅ ግን ከቶ አይነካ።

አራተኛው ኤሌክትሪክ ነው። ሁለት ባትሪ ድንጋይ፣ አንድ የእጅ ባትሪ አምፖልና ጥቂት ሽቦ ካሉ፣ አምፖሎችን በተከታታይና ጎን ለጎን ማያያዝን፣ የትኛው ነገር ኤሌክትሪክ እንደሚያስተላልፍና የትኛው እንደማያስተላልፍ መለየትን ማስተማር ይቻላል። በሚስማር ላይ ልባስ ያለው ቀጭን ሽቦ ደጋግሞ ጠምጥሞ ከባትሪው ጋር ቢያገናኙት ሚስማሩ ማግኔት ይሆናል፤ ሽቦው ሲለቀቅ ኃይሉ ይጠፋል። ጥሩ ማግኔት በተሰበረ ራዲዮ ድምፅ ማጉያ ውስጥ ይገኛል፤ ራዲዮ ጠጋኞች ከሚጥሉት ዕቃ ቢጠየቁ አይከለክሉም።

ማጀቱ የሚያስተምረው

የቤት እመቤቶች ሳያውቁት በየቀኑ የፊዚክስ ሥራ ይሠራሉ። ጭሮ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የምትገኝ በመሆኗ፣ በዚያ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ነው። ዝቅ ባለችው ድሬዳዋ በ96 ዲግሪ ገደማ፣ ከፍ ባለችው አዲስ አበባ ደግሞ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ በባሕር ዳርቻ በጅቡቲ ግን 100 ዲግሪ ይደርሳል። ምክንያቱም ከፍ በተባለ ቁጥር ከላይ የሚጫነን አየር ስለሚቀንስ ነው። በደጋ አገር ንፍሮ ቶሎ አልበስል ማለቱ ከእሳቱ ድካም ብቻ አለመሆኑን፣ ክዳኑ በኃይል የሚገጥመው የግፊት ድስት ስለ ምን ቶሎ እንደሚያበስልም እናት ለልጇ ልታስረዳ ትችላለች።

የሸክላ እንስራም መምህር ነው። በእንስራ ያደረ ውሃ የሚቀዘቅዘው፣ ጥቂቱ ውሃ በሸክላው ቀዳዳዎች ወደ ውጭ ወጥቶ ሲተን ሙቀት ይዞ ስለሚሄድ ነው። ልጆች ሁለት ጀሪካን ውሃ ሞልተው፣ አንዱን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው ጥላ ላይ ቢያኖሩትና በኋላ ቢያወዳድሩ እውነቱን ያገኛሉ።

ስለ ድምፅም ቢሆን ከከበሮ የተሻለ ምን ማስተማሪያ ይገኛል? የከበሮ ሰፊው ፊት ወፍራም ድምፅ፣ ጠባቡ ፊት ቀጭን ድምፅ ይሰጣል። በዓል በዋለ ቁጥር የሚሰማው ልጅ፣ በደንብ የተወጠረ ትንሽ ቆዳ በሰኮንድ ብዙ ጊዜ እንደሚንቀጠቀጥ፣ ሰፊው ግን ዝግ ብሎ እንደሚንቀጠቀጥ ሲነገረው፣ ትምህርቱ ከልቡ አይወጣም።

ሴቶች ልጆች በሳይንስ ትምህርት ወደ ኋላ ይቀራሉ የሚል ወሬ ይሰማል። እሳትን፣ ግፊትን፣ መተንንና መቀዝቀዝን ከወንድሞቻቸው ይልቅ በየቀኑ የሚያውቁት ግን እነርሱ ናቸው። የጎደለው፣ ያንን ዕውቀታቸውን በስሙ የሚጠራላቸው መምህርና ለጥናት የሚሆን ጊዜ የሚተውላቸው ቤተ ሰብ ነው።

ፀሐይና ጥላ

ሊቃውንቶቻችን የቀኑን ሰዓት በጥላቸው ርዝመት በእግር እየሰፈሩ ያውቁ ነበር፤ ጥላው በየወሩና በየሰዓቱ ስንት ጫማ እንደሚሆንም በብራና ጽፈው አኑረዋል። ይህን የሚመስል ሥራ ልጆች አንድ ቀጥ ያለ በትር በሜዳ ተክለው ሊሠሩት ይችላሉ። ምዕራብ ሐረርጌ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስላለች፣ በሚያዝያ ወር የመጀመሪያ ሳምንትና በነሐሴ ወር የመጨረሻ ሳምንት አካባቢ፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ከሩብ ገደማ የበትሩ ጥላ ከሥሩ ይጠፋል። ፀሐይዋ በቀጥታ ከራስ በላይ ቆማለች ማለት ነው። ይህን ያየ ልጅ የምድርን ዝንባሌ በሥዕል ብቻ ከተማረው ይልቅ አጥብቆ ያውቀዋል።

በካርቶን ላይ በመርፌ ቀዳዳ አድርጎ፣ የፀሐይዋን ብርሃን በአንድ ሜትር ርቀት ባለ ነጭ ወረቀት ላይ ቢያሳርፉት፣ 9 ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት ያላት ትንሽ ክብ ትታያለች። እርሷም የፀሐይዋ ምስል ናት። ፀሐይ ከእኛ 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል መራቋ ስለሚታወቅ፣ 9ን ለ1,000 አካፍሎ በዚያ ርቀት ማባዛት 1,350,000 ኪሎ ሜትር ይሰጣል፤ የፀሐይዋ ስፋት ከዳር እስከ ዳር 1,392,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነውና፣ በካርቶንና በመርፌ ወደ እውነቱ ይህን ያህል መቅረብ የሚያስደንቅ ነው። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. በላሊበላ ዙሪያ የቀለበት ግርዶሽ በታየ ጊዜ እንዲህ ያለ ካርቶን የያዘ ሰው ዓይኑን ሳይጎዳ ግርዶሹን ሊመለከት ይችል ነበር። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. የሚሆነው ግርዶሽም ደመና ካልጋረደው ከቀትር በኋላ በአገራችን በከፊል የሚታይ ነው።

ጥንቃቄ

ሙከራ ሲባል ጥንቃቄ መለየት የለበትም። ፀሐይን በዓይን፣ በጠርሙስ ስባሪ ወይም በመነጽር አሻግሮ መመልከት ዓይን ያጠፋል። ከግድግዳ የሚወጣው 220 ቮልት ኤሌክትሪክ ሰው ይገድላል፤ የልጆች ሙከራ ሁሉ በባትሪ ድንጋይ ብቻ ይሁን። ያበጠ የስልክ ባትሪ አይበሳ፤ እሳት ያስነሣል። የመኪና ባትሪ አሲድ ስላለው ልጅ አይክፈተው። የፈላ ውሃም ትልቅ ሰው በሌለበት አይነካ።

ስለ ተቆለፈው ቁም ሣጥን

ከላይ የተናገርነው ሁሉ ትምህርት ቤቶች እውነተኛ መሣሪያ አያስፈልጋቸውም ማለት አይደለም። ከቆርኪ የተሠራ ሚዛን መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ ሊሆን አይችልም፤ የልጆችን ብልሃት አመስግኖ የሚገባቸውን ዕቃ መንፈግ ግፍ ነው። ገንዘብ ጥቂት ከሆነ፣ አስቀድሞ ሊገዙ የሚገባቸው ማልቲሜትር፣ ቴርሞሜትር፣ የማጉያ መስተዋትና ማግኔት ናቸው። አንድ ማልቲሜትር ቮልትን፣ አምፔርንና የሽቦን ተቃውሞ ስለሚለካ የሦስት መሣሪያ ሥራ ይሠራል። መምህሩ ዘመናዊ ስልክ ካለው ደግሞ፣ በጀርመን አገር የአኽን ዩኒቨርሲቲ ያዘጋጀውና ያለ ክፍያ የሚገኘው ፋይፎክስ የተባለ ፕሮግራም ስልኩን የፍጥነት ለውጥ፣ የድምፅና የማግኔት መለኪያ ያደርገዋል፤ አንድ ጊዜ ከተጫነም ያለ ኢንተርኔት ይሠራል።

ነገር ግን የተገዛውም ዕቃ ቢሆን በብዙ ቦታ ከቁም ሣጥን አይወጣም። ምክንያቱን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ዕቃው በመምህሩ ስም ተመዝግቧል፤ ከተሰበረ ተጠያቂው እርሱ ነው። ብልህ ሰው ደግሞ በስሙ የተመዘገበውን ብርጭቆ ለስድሳ ልጆች አይሰጥም። ስለዚህ ዕቃው አዲስ እንደሆነ ያረጃል፤ ልጆቹም ሳያዩት ይመረቃሉ። ይህን የሚያስተካክለው ደንብ ነው። በትምህርት ላይ ሳለ የተሰበረ ዕቃ እንዳለቀ ጠመኔ ተቆጥሮ በመዝገብ ይሠረዝ፤ መምህሩ የሚጠየቀው በሰበረው ሳይሆን ዓመቱን ሙሉ ባልተጠቀመበት ይሁን። ይህ ቢደረግ ያለ አንድ ሳንቲም ወጪ ብዙ ቤተ ሙከራ በተከፈተ ነበር።

የክፍሉም አሠራር ሊታሰብበት ይገባል። ስድሳ ልጆች አንድ መምህር ከፊት ቆሞ ሲሠራ ቢመለከቱ የኋለኞቹ ምንም አያዩም። አምስት አምስት ሆነው ቢቀመጡ ግን አሥራ ሁለት ቡድን ይሆናሉ፤ አሥራ ሁለት ክርና አሥራ ሁለት ድንጋይ ደግሞ በየትም ይገኛል። ከሙከራው በፊት የሚሆነውን ይገምቱ፤ ሠርተው ያዩትን ይጻፉ፤ ግምታቸውና ያዩት ካልተስማማ ስለ ምን እንደሆነ ይከራከሩ። የሳይንስ ትምህርት ልጅን ከሚያስጨብጠው ሀብት ሁሉ የሚበልጠው፣ የገመተው ሳይሆን ሲቀር ግምቱን ትቶ እውነቱን መቀበልን ማስለመዱ ነው። ይህም ጠባይ ከክፍል ውጭ፣ በቤትና በአገር ኑሮም የሚጠቅም ነው።

ለቤተ ሰብ የሚቀረው ሥራ

ክቡራን ወላጆች፣ የባዶ ጠርሙሱን፣ የተሰበረውን ራዲዮ፣ የተጣለውን ሽቦና ካርቶን ከመጣላችሁ በፊት ልጃችሁን ጠይቁት፤ የቤተ ሙከራ ዕቃ ሊሆን ይችላልና። ልጁ ክር ከበር አንጠልጥሎ ሲያወዛውዝ ስታዩት «ምን ትጫወታለህ» ብላችሁ አትገሥጹት፤ ስንት ጊዜ እንደተመላለሰ አብራችሁት ቁጠሩ። አናጢው ዘንግ፣ ራዲዮ ጠጋኙ ማግኔት፣ ባለ ሱቁ ካርቶን ቢሰጥ፣ በውጭ አገር ያለው የአገር ልጅም ጥቂት ማልቲሜትር ቢልክ፣ የመሰላ ትምህርት ቤቶች በአንድ ዓመት ውስጥ ሌላ መልክ ሊይዙ ይችላሉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፣ ለአንዱ ቤት የሚከብደው ለሁሉ ቀላል ነው።

በጨርጨር ተራሮች ላይ ያለው ልጅ በአእምሮው ከማንም አያንስም። የሚወድቀው ድንጋይ፣ የሚፈላው ውሃ፣ የሚያበራው ፀሐይ ለእርሱም የተሰጡ ናቸው። እጁ ባዶ ሆኖ እንዳይቀር የምናደርገው ጥረት ግን የእኛ ዕዳ ነው፤ ዕዳችንንም ዛሬ ማታ፣ ከእራት በኋላ፣ በአንድ ክርና በአንድ ድንጋይ መክፈል ልንጀምር እንችላለን።